ፋይሉን የሚከፍተው ሰው ገና አልመጣም

(በደብረ ብርሃን ለርዕሰ መምህራንና ለትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ጸሐፊዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ።

ስለ ጽሕፈት ሥራ በተወራ ቁጥር የሚጠቀስ ተረት አለ፦ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል»። ተረቱ የሚያደርሰን ግማሽ መንገድ ነው። በጽሑፍ ያለም ሲፈለግ ካልተገኘ ከተረሳው አይሻልም። ከ12 ዓመት በፊት 10ኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ዛሬ ከአረብ አገር ተመልሳ ትራንስክሪፕት ብትጠይቅ፣ ወረቀቷ ትምህርት ቤቱ ውስጥ መኖሩን ማንም አይጠራጠርም። ችግሩ በየትኛው መደርደሪያ፣ በየትኛው ዓመት ማኅደር፣ ስሟስ በየትኛው «ሀ» ተጽፎ እንደሆነ ነው።

የኃላፊ ጸሐፊ የምታዘጋጀው ወረቀት ሁሉ ሁለት አንባቢ አለው። አንዱ ዛሬ የሚፈርመው ኃላፊ ነው። ሁለተኛው ከዓመታት በኋላ፣ እናንተም ኃላፊውም በሌላችሁበት፣ ማኅደሩን የሚከፍተው ሰው ነው። ለመጀመሪያው ሁላችንም እንጠነቀቃለን፤ ስህተት ካየ ይቆጣልና። ሁለተኛው አይቆጣም፣ ገና አልመጣም። ዛሬ የምናወራው በዋናነት ስለ እሱ ነው።

ደብዳቤ ሲገባ

ፖስታው ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው አድራሻው ነው። በእኛ አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን በአማራ ክልልም በኦሮሚያ ክልልም አለ፤ የአንዱ መቀመጫ ደብረ ብርሃን፣ የሌላው ፍቼ ነው። ክልሉ ሳይጠቀስ «ለሰሜን ሸዋ ዞን ትምህርት» ተብሎ ከአዲስ አበባ የተላከ ደብዳቤ መንገድ ሊስት ይችላል። እዚሁ ደብረ ብርሃን ውስጥም የዞኑ ትምህርት መምሪያ አንድ ቤት ነው፣ የከተማ አስተዳደሩ ትምህርት መምሪያ ሌላ ቤት ነው። ስለዚህ ደብዳቤው የእኛ መሆኑ ሳይረጋገጥ የገቢ ማኅተም አይመታበትም። አንዴ ከተመታ ኃላፊነቱ የእኛ ነው። የሌላ ቤት ሆኖ ከተገኘ በአጭር መሸኛ ይላካል እንጂ «ውሰድላቸው» ተብሎ ለባለጉዳይ በእጅ አይሰጥም።

ቀጥሎ ምዝገባ ነው። የገቢ መዝገብ ዓምዶች በየቤቱ ቢለያዩም እነዚህ መጉደል የለባቸውም፦ የእኛ ተራ ቁጥር፣ የገባበት ቀን፣ የላኪው ስም፣ የላኪው ደብዳቤ ቁጥርና ቀን፣ ጉዳዩ፣ የአባሪ ገጽ ብዛት፣ ለማን እንደተመራ፣ የተረካቢው ፊርማ፣ መልስ የተሰጠበት ቁጥር። አብዛኛው ጥፋት የሚሠራው «ጉዳዩ» በሚለው ዓምድ ላይ ነው። ደብዳቤው ራሱ «ጉዳዩ፦ ትብብርን ይመለከታል» ስለሚል ጸሐፊዋም «ትብብር» ብላ ትመዘግባለች። በዓመቱ መጨረሻ መዝገቡ ውስጥ 60 «ትብብር» ይሰለፋል። ደብዳቤውን አንብባችሁ በራሳችሁ አምስት ስድስት ቃል ጻፉ፦ «የ3 ሒሳብ መምህራን ዝውውር ጥያቄ»፣ «የ4ኛ ብሎክ ጣሪያ ጥገና መልስ»። የዚያን ዕለት አንድ ደቂቃ ይወስዳል፤ በሌላ ጊዜ የግማሽ ቀን ፍለጋ ያድናል።

አባሪ ሳይቆጠር አይፈረምም። «5 ገጽ አባሪ አያይዘናል» ካለና 4 ከሆነ እዚያው በመዝገቡም በደብዳቤው ግርጌም «4 ገጽ ብቻ ደርሶናል» ተብሎ ይጻፋል፣ አምጪውም ይፈርማል። ይህ ሰውን አለማመን አይደለም። ከመሐል ሜዳ ወይም ከመራኛ የተላከ ሰው የመጣበትን መንገድ አስቡት፤ ወረቀት በዝናብም በአውቶቡስ ወንበር ሥርም ይቀራል። ጉድለቱ በዚያው ቀን ካልታወቀ ግን የጣለው እናንተ ትሆናላችሁ።

ለኃላፊው ሲቀርብ ደብዳቤው ብቻውን አይገባም። «በቁጥር ይህን ያህል በጻፍነው መሠረት» የሚል ከሆነ ያ የቀደመ ደብዳቤ ከማኅደሩ ወጥቶ ከሥሩ ይያያዛል። ፎልደሩ ውስጥ ከላይ የሚሆነው የቀን ገደብ ያለው ነው እንጂ ከትልቅ መሥሪያ ቤት የመጣው አይደለም። ገደቡን በእርሳስ ጠርዙ ላይ ጻፉት።

ኃላፊው ሲመሩበት የሚጽፉት ቃል አጭር ነው፦ «ይያያዝ»፣ «ለም/ር/መ (ለምክትል ርዕሰ መምህር)፣ ይፈጸም»፣ «ተነጋግረን»፣ «ይታይ»። ከእነዚህ ሁሉ የሚያስፈራው «ይታይ» ነው። ማን ይየው? እስከ መቼ? አይቶስ ምን ያድርግ? ኃላፊው ወንበራቸው ላይ እያሉ ያኔውኑ መጠየቅ ነው፤ ከሦስት ቀን በኋላ ጠይቃችሁ «እኔ እንዲህ አልኩ እንዴ?» ከመባል ይሻላል። የተመራበት ቃልም እንዳለ ወደ መዝገቡ ይገለበጣል፣ ደብዳቤው ከጠፋ ትእዛዙ አብሮት እንዳይጠፋ። መልስ ያላገኙት በሳምንት አንድ ቀን ይለቀማሉ። ያ ቀን ሐሙስ ቢሆን ይመረጣል። ዓርብ ከሰዓት የተገኘ ጉድለት ወደ ሰኞ ይንከባለላል፤ ሐሙስ የተገኘ ግን ዓርብ ጠዋት መልስ ያገኛል።

አሁን አሁን ብዙው ትእዛዝ የሚደርሰን በቴሌግራም በተላከ የደብዳቤ ፎቶ ነው። ስልክ ላይ ታይቶ «እሺ» ተብሎ ከቀረ ለሁለተኛው አንባቢ የለም። በዕለቱ ይታተማል፣ «በቴሌግራም የደረሰ» ተብሎ ይመዘገባል፣ ቁጥር ይሰጠዋል። ዋናው ከሳምንት በኋላ ሲደርስ አዲስ ቁጥር አይሰጠውም፤ ከበፊቱ ቁጥር ሥር ይያያዛል፣ መዝገቡ ላይም «ዋናው በዚህ ቀን ደርሷል» ይባላል። ይህ ሳይደረግ ሲቀር አንድ ትእዛዝ ሁለት ቁጥር ያወጣል፣ ለሁለት ሰው ይመራል፣ ሁለት የተለያየ ቁጥር ያለው ሪፖርት ለወረዳው ይሄዳል።

ደብዳቤ ሲወጣ

በየጽሕፈት ቤቱ የለመድነው አረፍተ ነገር እንዲህ ያለ ነው፦ «ትምህርት ቤታችን የመማር ማስተማሩን ሥራ በተሳካ ሁኔታ ለማከናወን የተለያዩ እንቅስቃሴዎችን እያደረገ የሚገኝ መሆኑን እየገለጽን፣ ሆኖም የመምህራን እጥረት ያጋጠመን በመሆኑ፣ ይህም በተማሪዎች ውጤት ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድር መሆኑን በመገንዘብ አስፈላጊው ትብብር ይደረግልን ዘንድ በአክብሮት እንጠይቃለን።» ተቀባዩ ሁለት ጊዜ ቢያነበውም ስንት መምህር፣ በምን ትምህርት፣ እስከ መቼ እንደተፈለገ አያገኝም። የሚመጣው መልስም «በዝርዝር ይገለጽልን» ነው፤ እሱ ሁለት ሳምንት ይበላል።

ይኸው ጉዳይ እንዲህ ሊጻፍ ይችል ነበር፦ «በ9ኛ እና በ10ኛ ክፍል 2 የፊዚክስና 1 የሒሳብ መምህር ጎድሎናል። 11 ክፍሎች በድምሩ በሳምንት 44 ክፍለ ጊዜ ያለ መምህር እየዋሉ ነው። መምህራኑ እስከ ጥቅምት 15 ቀን እንዲመደቡልን እንጠይቃለን። የክፍለ ጊዜ ድልድሉን በ1 ገጽ አባሪ አያይዘናል።» አክብሮት አልጎደለውም፤ «ከሰላምታ ጋር» እታች እንዳለ ነው። «እየገለጽን፣ እያሳወቅን፣ በመገንዘብ» እያለ የሚንዘላዘል አረፍተ ነገር ባያችሁ ጊዜ መጨረሻ ላይ ያለውን ግሥ ፈልጉና ከእሱ ጀምሩ። ኃላፊው በቃል ሲያስጽፏችሁም «ስንት ልበል? እስከ መቼ ልበል?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይባልም፤ ሥራው ነው።

ቁጥርና ቀን የሚሰጠው ደብዳቤው ከተፈረመ በኋላ ነው። ቀድሞ ቁጥር ከወጣለትና ኃላፊው «ይቆይ» ካሉ በወጪ መዝገቡ ውስጥ ባዶ ቀዳዳ ይቀራል፤ ባዶ ቀዳዳ ደግሞ የኋላ ቀን ደብዳቤ ለማስገባት ለሚፈልግ ሰው በር ነው። ቁጥር ወጥቶ የቀረ ካለ «ተሰርዟል» ተብሎ ምክንያቱ ይጻፋል፣ ያ ቁጥር ለሌላ አይሰጥም።

ለማኅደር የምታስቀሩት ቅጂ ፊርማና ማኅተም ያለበት ይሁን። ከኮምፒውተር እንደገና የወጣ ያልተፈረመ ወረቀት ማኅደር ውስጥ መክተት በጣም የተለመደ ስንፍና ነው። ከዓመታት በኋላ ያ ወረቀት ረቂቅ ይሁን የተላከ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ተቀባዩ የፈረመበት የማስረከቢያ መዝገብም እንደ ደብዳቤው ራሱ ይጠበቃል፤ «አልደረሰንም» ለሚል መልሱ ያለው እዚያ ነው።

ኃላፊው በሌሉበት ምክትላቸው ሲፈርሙ በራሳቸው ቲተር፣ ማለትም ስምና ኃላፊነት በያዘው ማኅተም ነው፤ የኃላፊው ቲተር ተመትቶ የምክትሉ ፊርማ ሲያርፍበት ደብዳቤው ባንክም ፍርድ ቤትም ዘንድ ጥያቄ ያስነሳል። ውክልናው በጽሑፍ መሰጠቱንና እስከ ስንት ቀን እንደሚቆይ ጸሐፊዋ ታውቃለች። ጸሐፊ ግን በማንም ስም አትፈርምም፣ «ትንሽ ናት፣ የመውጫ ፈቃድ ናት» ቢሏትም።

ስለ ግልባጭ አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። ግልባጭ ማወቅ ለሚገባው ሰው የሚላክ ነው። በእኛ ቤት ግን እንደ ዱላ ያገለግላል፦ ለመምህሩ ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ግልባጩ ለሱፐርቫይዘሩ፣ ለወረዳው፣ ለዞኑ፣ ለመምህራን ማኅበር። ጸሐፊ ኃላፊዋን ልታዝ አትችልም፤ «ለዞኑ የላክነው መልስ የሚጠብቅ ነው ወይስ ለመረጃ?» ብላ ግን ልትጠይቅ ትችላለች። ጥያቄው ብዙ ጊዜ ዝርዝሩን ያሳጥረዋል።

ማኅተም

ጸሐፌ ትእዛዝ የሚባለው ሹም የንጉሡን ማኅተም ያዥ ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጽሕፈት ሚኒስትርነቱ የተሰጠው ለጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ነው። ማኅተም መያዝ ሹመት እንደነበር ማስታወስ ደግ ነው፤ ዛሬ በአንዳንድ ቢሮ ክቡ ማኅተም ከስቴፕለር ጋር ጠረጴዛ ላይ ሲውል ይታያል።

ክቡ ማኅተምና ቲተሩ በአንድ መሳቢያ አያድሩም። ማኅተሙ በተቆለፈበት፣ ቁልፉ በእጅ ነው። ባዶ ወረቀት ላይ አይመታም፣ «ዞን ሄጄ የምሞላው» ቢባልም። ፊርማ ይቀድማል፣ ማኅተም ይከተላል። የሚያርፈውም ፊርማውን በከፊል ነክቶ ከስሙ በስተግራ ነው፤ ስሙን ከሸፈነው ማን እንደፈረመ አይነበብም። ፎቶ ያለበት ማስረጃ ላይ ግማሹ በፎቶው፣ ግማሹ በወረቀቱ ላይ ይሆናል። ፎቶው ቢነቀልና ሌላ ቢለጠፍ ክቡ አይገጥምም፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። የደበዘዘ ማኅተም ላይ ደግሞ መምታት ክቡን ድርብ ያደርገዋልና ወረቀቱን እንደገና ማተም ነው የሚሻለው።

ስም፣ ቀን፣ ሰዓት

ከሁሉ የበዛው ራስ ምታት ከዚህ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ረጋ እንበል።

«ኃይሉ»፣ «ሀይሉ»፣ «ሐይሉ» ለጆሯችን አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በኤክሴል የተማሪ ዝርዝር ውስጥ «ሀይሉ» ብላችሁ ብትፈልጉ በ«ኃ» የተጻፈው አይወጣም፤ «የለህም» ተብሎ የተመለሰ ተማሪ በስንት ቤት አለ። «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» እንዲሁ ናቸው። ደንቡ አጭር ነው፦ ተማሪው ይዞት የመጣው የ8ኛ ክፍል ማስረጃ ወይም የልደት የምስክር ወረቀት ላይ እንዳለ ይጻፋል። ቋንቋ የምታውቅ ጸሐፊ ሆሄ ለማረም እጇን ይበላታል። የሰውን ስም አታርሙ። በፍለጋ ጊዜ ደግሞ ከስሙ የማያሻማውን ቁራጭ ብቻ መጻፍ ይረዳል፤ ለ«ኃይሉ» «ይሉ» ብትሉ ሦስቱም ይወጣሉ።

ሁለተኛው የተጣመረ ስም ነው። በመንዝም በቡልጋም ገብረ ጻድቅ፣ ኃብተ ወልድ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ወልደ ሚካኤል ብዙ ነው። ተለያይቶ ሲጻፍ የኦንላይን ቅጹ «ገብረ»ን የተማሪው ስም፣ «ጻድቅ»ን የአባት ስም አድርጎ ሊወስደው ይችላል፤ አያቱ ከቅጹ ይወድቃሉ። «ገ/ጻድቅ» ተብሎ ሲያጥር ሌላ ጣጣ ይመጣል፦ ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ እዝባር (/) አይቀበልም፣ ስለዚህ ፋይሉ በሌላ ስም ይቀመጣል፣ ሲፈለግም አይገኝም። ከዚያ የባሰው ካርዱ ላይ «ገ/ጻድቅ»፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ «ገብረጻድቅ» ሲሆን ነው። ለውጭ አገር ትምህርት የሚያመለክት ልጅ ሁለቱ ወረቀቶች የአንድ ሰው ስለመሆናቸው ሌላ ማስረጃ ይጠየቃል። በትምህርት ቤቱ አንድ ልማድ ይያዝ፦ ሳያጥር፣ ሳይለያይ።

በላቲን ፊደል ሲሆን ይብሳል። የብዙ ስሞቻችን የመጨረሻ «ሌ»፣ «ቤ»፣ «ኔ» በአንዱ መምህር በአንድ ፊደል (e) ይጻፋል፣ በሌላው በሁለት (ie)። በ9ኛ ክፍል ምዝገባ ላይ ተማሪውና ወላጁ የላቲኑን አጻጻፍ አይተው ይፈርሙ፣ ያም ቅጽ በግል ማኅደሩ የመጀመሪያ ገጽ ይሁን። የ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ሲመጣ ከዚያ ይገለበጣል እንጂ እንደ አዲስ አይፈጠርም። በፈተና ሥርዓቱ ውስጥ የገባ ስም ማስተካከል ከትምህርት ቤት ተነስቶ ወረዳ፣ ዞን እያለ የሚወጣ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ ልጁም በዚያ ሰሞን ማጥናት ነበረበት።

ወደ ቀን እንምጣ። «12/03/17» ለእኛ ኅዳር 12 ነው፤ የውጭ ሰው ግን መጋቢታቸውን ወይም ታኅሣሣቸውን ያስባል። ወር በቃል ይጻፍ። ኤክሴል ላይ ደግሞ፣ ቀንን ከወር አስቀድሞ እንዲያነብ በተዘጋጀ ኮምፒውተር፣ አንድ ወጥመድ አለ። ጥቅምት 30ን «30/02/2017» ብላችሁ ብታስገቡ ፕሮግራሙ በእነሱ አቆጣጠር የካቲት 30 የሚባል ቀን ስለማያውቅ ዝም ብሎ ጽሑፍ ያደርገዋል፤ ጥር 30ን «30/05/2017» ስትሉት ግን እንደ ቀን ይቀበለዋል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆንና በቅደም ተከተል ሲደረደር ይበጠበጣል። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ናትና ከቶ አትገባም። መፍትሔው ቁጥሩ ከመግባቱ በፊት ዓምዱን በሙሉ ጽሑፍ ማድረግና ዓመቱን ማስቀደም ነው፦ 2017-02-30። ሲደረደር በትክክል ይሰለፋል። ለኮምፒውተር ፋይሎችም ይህንኑ አጻጻፍ ከስማቸው ፊት አድርጉ።

የልደት ቀን ወደ ፈረንጅ ሲቀየር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ 7፣ ከዚያ ወዲያ 8 ዓመት እንደሚጨመር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የሚረሳው ጳጉሜን 6 የሆነችበት ዓመት ተከታይ ነው። በሌላው ጊዜ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ሲሆን፣ ጳጉሜን 6 ባለፈች ማግስት ግን 12 ይሆናል፤ ይህ የአንድ ቀን ፈቀቅታ እስከ የካቲት አጋማሽ አልፎ ይዘልቃል። ጥር 5 ቀን 2000 የተወለደች ልጅ ጃኑዋሪ 14፣ 2008 ናት፤ ጥር 5 ቀን 2001 የተወለደች ግን ጃኑዋሪ 13፣ 2009። በግምት የተቀየረ ቀን ከፓስፖርቱ ጋር በአንድ ቀን ይጣላል።

ሰዓትም እንዲሁ። ከአጋር ድርጅት «9:00» ተብሎ የመጣ የዙም ስብሰባ ጥሪ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሊሆን ይችላል፣ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓትም ሊሆን ይችላል። ደውላችሁ ጠይቁ፤ በኃላፊው ማስታወሻ ላይም «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚለው ቃል ሳይኖር ቁጥር ብቻ አይጻፍ።

ቃለ ጉባዔ

የማኔጅመንት፣ የመምህራን፣ የወላጅ መምህር ኅብረት ቃለ ጉባዔ ገጹ በተቆጠረ ጥራዝ ላይ ይጻፋል፤ በየወረቀቱ ጽፎ በኋላ ማያያዝ ገጽ ለመቀየር ያመቻል። የተነገረውን ሁሉ መጻፍ አይጠበቅም። «አቶ እገሌ ተነስተው እንዲህ አሉ፣ ወ/ሮ እገሊት ደግሞ» እያለ ሦስት ገጽ የሚሄድ ቃለ ጉባዔ ውሳኔውን ይቀብራል። በእያንዳንዱ አጀንዳ ሥር የክርክሩ ፍሬ በሁለት ሦስት መስመር፣ ከዚያ ውሳኔው፣ ማን ይፈጽመዋል፣ እስከ መቼ። በውሳኔው ያልተስማማ ሰው «ልዩነቴ ይመዝገብልኝ» ካለ በራሱ ቃል ይመዘገባል፣ ይህ አያጥርም። የተሳሳተ ቃል በአንድ መስመር ተሰርዞ በጎኑ ይፈረማል፤ በነጭ ቀለም የተሸፈነ ቃለ ጉባዔ ላይ ማንም እምነት አይጥልም። ገንዘብ የሚነካ ውሳኔ ሲሆን መጠኑ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ።

አስፈርማችሁ አሳድሩ። ሰው ከአዳራሽ ከወጣ በኋላ ፊርማ ለመለቃቀም አንድ ሳምንት ይሄዳል፣ በዚያ ሳምንት ውስጥ ሐሳቡን የሚቀይርም አይጠፋም።

በሩ

ከኃላፊው በር ፊት የምትቀመጠው ጸሐፊ የባለጉዳዩን ጉዳይ በሦስት ጥያቄ ትለየዋለች፦ ማን ነዎት፣ ጉዳይዎ ምንድን ነው፣ ከዚህ በፊት ማን ጋር ደረሰ? ካርድ፣ መሸኛ፣ ክሊራንስ ከሆነ ሪከርድ ክፍል እንጂ ኃላፊው ጋር መድረስ የለበትም። በገበያ ቀን ከገጠር ቀበሌ የመጣ ወላጅ ግን ሪከርድ ክፍሉ የት እንደሆነ አያውቅም፤ ጣት ከመጠቆም ይልቅ ተማሪ ጠርቶ ማድረስ ነው። ገበሬው እህሉን ሸጦ ወደ አገሩ መመለስ አለበት፣ «ነገ ይምጡ» ማለት ለእሱ የአንድ ሳምንት ቀጠሮ ነው። የሸመገለውን ሰው «አንተ» ብሎ መጥራት በእኛ አገር ነውር መሆኑን መንገር አያስፈልግም፤ ግን ሥራ ሲበዛ «ና ቁጭ በል» ከአፍ ያመልጣል። አንቱ፣ አባባ፣ እማማ ጊዜ አይወስድም። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት በደብረ ብርሃን ውርጭ ውጭ ያለ አግዳሚ ላይ ሰው አያስቀምጡም፤ ኮሪደሩ ውስጥ ንፋስ የማይደርስበት ወንበር ይኑር።

የማይጠብቅ ጉዳይም አለ። እያለቀሰች የመጣች ተማሪ፣ ልጁ እንደተመታ የሚናገር ወላጅ፣ በመምህር ላይ ከባድ ክስ ያለው ሰው ተራ አይያዝለትም፣ ጉዳዩም በር ላይ ሰው እየሰማ አይጠየቅም። ስብሰባ ቢሆንም ቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ይገባል።

ስልኩን በአጭሩ እንለፈው፦ ስም፣ ከየት፣ ቁጥር፣ ጉዳይ፣ የተደወለበት ሰዓት። «አንድ ሰው ደውሎልዎት ነበር» መልእክት አይደለም።

ፈተና ሲባዛ

በብዙ ቤት የፈተና ማባዛት በኃላፊው ጸሐፊ በኩል ያልፋል። ወረቀቱን በግምት አትጠይቁ። 12 ክፍል በየክፍሉ 48 ተማሪ 576 ይሆናል፤ በየክፍሉ 2 ትርፍ ሲጨመር 600። ፈተናው 4 ገጽ ሆኖ በፊትና በጀርባ ከታተመ ለአንድ ተማሪ 2 ቅጠል፣ ለአንድ ትምህርት 1,200 ቅጠል። 9 ትምህርት ሲሆን 10,800 ቅጠል፣ ማለትም 500 ቅጠል በሚይዘው ደስጣ 22 ሊሆን ነው። ማሽኑ ለሚያበላሸው አንድ ጨምሩና 23 ጠይቁ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ለመስከረሙ ምዝገባ የሚሆን ወረቀትና ቶነር ግንቦት ላይ ካልተጠየቀ ሐምሌና ነሐሴ ባዶ እጅ መጠበቅ ነው።

ፈተና የሚወጣው በጥያቄ ወረቀቱ ብቻ አይደለም። ማሽኑ የያዘውና የጨማደደው ቅጠል ቅርጫት ውስጥ ሲጣል ይወጣል፤ ተቆጥሮ ይቃጠል። መስታወቱ ላይ የተረሳው ዋና ቅጂ ይወጣል። መምህሩ ያመጣው ፍላሽ ይወጣል፣ ሲገባም ቫይረስ ይዞ ይገባል፤ ፋይሎቹን ሁሉ ወደ አቋራጭ ምልክት የሚቀይረው ዓይነት በየትምህርት ቤቱ ይዞራል። ፋይሎቹ ጠፍተው አይደለም፣ ተደብቀው ነውና ፍላሹን ፎርማት ከማድረግ በፊት የሚያውቅ ሰው ይየው። ቢቻል የፈተናው ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ያልተገናኘ ይሁን። የተባዛው በክፍል በክፍል ተቆጥሮ በፖስታ ይታሸጋል፣ በመዝጊያው ላይ ሁለት ሰው ይፈርማል፣ ፊርማው ግማሹ በክዳኑ ግማሹ በፖስታው ላይ።

ፊደልም አንድ ነገር አለ። በድሮው ፓወር ግዕዝ ፊደል የተጻፈ የፈተና ፋይል ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ የላቲን ዝባዝንኬ ይሆናል። ዩኒኮድ በሆነ ፊደል፣ ለምሳሌ በኒያላ ወይም በአቢሲኒካ፣ የተጻፈ ግን የትም ይከፈታል። የድሮ ፋይሎችን ክረምት ላይ ቀስ እያሉ መቀየር ነው፤ ማሽኑ አርጅቶ ከሞተ በኋላ የሚቀይራቸው የለም።

ርክክብ

ጸሐፊ ትዛወራለች፣ ትወልዳለች፣ ጡረታ ትወጣለች። የሚበዛው ጥፋት የሚሠራው በዚያ ሳምንት ነው። ቁልፍና ወንበር ብቻ ተረክቦ ሥራ ይጀመርና አዲሷ ጸሐፊ በሁለተኛው ቀን ማኅተም የሌለበት መሳቢያ ትከፍታለች።

የርክክብ ወረቀቱ ላይ ማኅተሞቹ ራሳቸው ይመቱበት፣ ክቡም ቲተሮቹም የገቢ ማኅተሙም፤ ስንት እንደነበሩና ምን ይመስሉ እንደነበር ማስረጃው ያ ነው። የቁልፎቹ ቁጥርና የትኛው የምን እንደሆነ፣ የኮምፒውተሩና የኢሜይሉ የይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ፣ የቴሌግራም ቡድኖቹ ዝርዝር። መልስ የሚጠብቁ ደብዳቤዎች ከነገደባቸው በተለየ ገጽ። ከቤቱ ወጥተው ያልተመለሱ ማኅደሮች፣ ማን እንደወሰዳቸውና መቼ። በመጨረሻም ሁለቱም መዝገቦች ይከፈቱና ከመጨረሻው ምዝገባ ሥር መስመር ይሰመራል፣ አስረካቢና ተረካቢ ይፈርሙበታል፦ የገቢው ተራ ቁጥር እስከ ስንት፣ የወጪው እስከ ስንት። ከመስመሩ በላይ ያለው የአንዷ፣ ከመስመሩ በታች ያለው የሌላዋ ነው።